በርሚል ያቆመው እግር

እኔ ሰው ስመርጥ ተሳስቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ መኩራራት የማያስፈልገኝ ሰው ስለሆንኩ ነው። ግንበኝነትን ያስተማረኝ የለም። አንድ የወደቀ ግድግዳ አይቼ፣ ለምን እንደወደቀ አስቤ ነው የተማርኩት። ግድግዳውን የገነባሁት እኔ መሆኔ ሌላ ጉዳይ ነው። ሶማሊኛንም ያስተማረኝ የለም። የኳስ አሰልጣኝነትን ግን ከመጽሐፍ ነው ያገኘሁት፤ ሐርጌሳ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አነሳሁ። ከፊቱም ከኋላውም ብዙ ገጽ ተገንጥሎ ነበር። እንግሊዝኛ ባላነብም ሥዕሎቹን አጥንቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ የኳስን መሐሉን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም።

እንግዲህ ይህን ካወቃችሁ በኋላ፣ «ሽማግሌው ምርጥ ተከላካዩን፣ ሁለት ተራውንና የቡድኑን የኳስ መንፊያ ሰጥቶ፣ ኳስ ረግጦ የማያውቅ ሰው አመጣ» እየተባለ የሚወራውን ነገር ከሥሩ ላጫውታችሁ። ወሬው እውነት ነው። ከሥሩ ሲሰማ ግን ያምራል።

አገር ቤት ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት እኛ የሐርጌሳ የግንባታ ሠራተኞች ቡድን የምናዋቅረው በትውልድ ቦታ ነበር። አርብ ጠዋት ሥራ ስለሌለ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ እንወርዳለን፤ የመወጣጫ ብረት አቁመን ጎል እናደርጋለን፤ የተሸነፈ ሻይ ይጋብዛል፤ በቃ። ጦርነቱ ሲጀመር ግን የማዕዘን ምት ክርክራችን የድንበር ክርክር ሆነ። አንድ አርብ ጨዋታው ተቋርጦ የጋሽ ልስንን ጥርስ ፍለጋ አሸዋ ስናበጥር ዋልን። ጥርሱ አልተገኘም። ሰውዬው የልስን ሠራተኛ ነው፤ ጉርብጥብጡን ሁሉ እያለሰለሰ የኖረ ሰው ያቺን ክፍተት ግን እስከ ዛሬ አልደፈናትም።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ተሰበሰብን። አራት ነበርን፤ ያሰብኩት ግን እኔ ነኝ። እንዲህም ወሰንን። ሜዳ ላይ ማንም በስሙ አይጠራም፤ በሙያው ወይም በጠባዩ ቅጽል ይወጣለታል። ከጨዋታ በፊት ስልክ ሁሉ አንድ ባልዲ ውስጥ ይገባል፤ ከአገር ቤት የመጣ ወሬ ሜዳ ላይ እንዳይወርድ። ያለፈ ነገር አይጠየቅም፤ ከየት መጣህ፣ ምን ነበርክ፣ ለምን እንዲህ አደረግህ የለም። አዲስ የመጣን ሰው ደግሞ የአገሩ ልጆች አይወስዱትም፤ አራቱ ቡድኖች በየተራቸው ይመርጡታል። የመረጠው ቡድን ያሳድረዋል፣ ሥራ ያፈላልግለታል፣ ፍራሽ ይሰጠዋል። ወደ ሌላ ቡድን የተዛወረ ፍራሹን ተሸክሞ ይሄዳል። መጨረሻ የወጣው ቡድን ደግሞ ይፈርሳል፤ ሰዎቹም እንደ አዲስ ይከፋፈላሉ። ቡድን ከረጋ ጎሣ ይሆናል ብዬ ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ያኔ የእኔ ቡድን መጨረሻ ሊወጣ ይችላል የሚል ነገር በሐሳቤም አልነበረም።

ቤታችን ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ነው። ሁለት ክፍል፣ አሥራ ሁለት ፍራሽ። ቡድኑ ከፈረሰ አሥራ አንዱ ፍራሽ በአሥራ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ እኔ ከፊሽካዬ ጋር እቀራለሁ። ባለፈው ዓመት ሦስተኛ ነበርን፤ ከእኛ በታች የነበረው ቡድን ሲፈርስ ፍራሽ በፍራሽ ላይ ተጭኖ በበራችን ሲያልፍ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ ከሦስተኛ ወደ አንደኛ የሚያወጣ ኳስ አከፋፋይ ያስፈልገን ነበር፤ መሐል ሜዳ ቆሞ፣ ሜዳውን እንደ እጁ መዳፍ አይቶ፣ ለእያንዳንዱ ኳሱን የሚያድል ሰው።

እሱንም አገኘሁት።

አዲስ ከመጡት መካከል ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ልብሱ ላይ የመንገድ አቧራ ገና ያልለቀቀ ወጣት። የምሠራበት ቦታ ለቀን ሥራ መጥቶ ብሎኬት ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሲወረውር አየሁት። ሌላው ሰው ብሎኬት ሲወረውር ላይ ያለው ሰው ራሱን ይሸፍናል። የዚህኛው ግን እጅ ላይ ሄዶ ቁጭ ይላል፤ ተቀባዩ ዞር ብሎ እያወራ ነው የሚቀበለው። ደስ አለኝ፤ ሆኖም አሰልጣኝ የሚያየው እግር ነው። በዚያው ቅጽበት ውሃ የሞላው በርሚል ከመኪና ላይ አምልጦ ቁልቁል መንከባለል ጀመረ። ሰው ሁሉ ሸሸ። እሱ አንድ እግሩን ዘረጋ፤ በርሚሉ ቆመ። ፊቱ ላይ ምንም ነገር የለም፤ ዓይኑን አሻግሮ ሩቅ ያያል።

የግንብ ቀጥታ የምለካበትን ቱንቢዬን ከኪሴ አውጥቼ በርቀት ለካሁት። ቀጥ ያለ አቋም! በርሚል በእግሩ ያቆመ ሰው ኳስ ያቅተዋል? እዚያው ክሬን ብዬ ስም አወጣሁለት።

የት ተጫውተህ ታውቃለህ ብዬ መጠየቅ አልችልም፤ ያለፈ ነገር አይጠየቅም። ሕግ አውጪ ደግሞ ሕግ አያፈርስም። ስለዚህ ፋራህ ሻይ ቤት ሄጄ በምስጢር ነገርኩት። ፋራህ የዚሁ የሐርጌሳ ሰው ነው። የሐርጌሳ ሰው በተሰደደበት ዘመን ድሬዳዋ አድጎ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል፤ ከማናችንም ወገን ስላልሆነ የሁላችንም ዳኛ ነው።

«በእኔና በአንተ መካከል ይቅር፤ ይህ ልጅ ትልቅ ቡድን ውስጥ ሳይጫወት አልቀረም» አልኩት።

«ወላሂ ለማንም አልናገርም» አለና ለሁሉም ነገረ።

ከሰዓት በኋላ ክሬን በሁለት አገር ብሔራዊ ቡድን ተጫውቶ ነበር። በማግስቱ ሦስት ሆነ። እኔም ስሰማ ገረመኝ፤ እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ተራ የሚወጣው በሚስማር ነው። ፋራህ አራት ሚስማር በጭብጡ ይይዛል፤ ረጅሙን የሳበ ቀድሞ ይመርጣል። ረጅሙን የሳበው ጋሽ ልስን ነው፤ የ26 ጁን ሰፈር ቡድን አሰልጣኝ። እኔ የሳብኩት ሚስማር ለፎቶ መስቀያም አይበቃም። አራተኛ!

ጋሽ ልስንን ሻይ ጋብዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ልስኔ፣ ተራ እንለዋወጥ» አልኩት። «አንደኛውን ስጠኝና አራተኛውን ውሰድ።»

«ደህና ነህ? ፀሐይ መትቶሃል?»

«የሁለተኛውን ዙር ተራዬንም እጨምርልሃለሁ።»

ሻዩን ጠጣ። በጥርሱ ክፍተት ትንሽ አፏጨ። «ክሬንን ፈልገህ ነው አይደል? በሦስት አገር የተጫወተውን።»

«የቱ ክሬን? እኔ ለወዳጅነት ብዬ ነው።»

«እንግዲያው የኳስ መንፊያውንም ለወዳጅነት ጨምርበት።»

ጨመርኩ። ኳስ በአፍም ይነፋል አልኩ በልቤ። እንደማይነፋ ኋላ ነው ያወቅሁት።

«አሁንም ይቀራል» አለ። «ሲሚንቶን ስጠኝ።»

ሲሚንቶ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ተከላካያችን ነው፤ ወደ እሱ የሄደ ኳስ አያልፍም፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ በግንባሩ መትቶ አቅጣጫ ስቶ አያውቅም። አራት ዓመት የተኛውም ከእኔ ፍራሽ አጠገብ ነው። ጠዋት ሻይ የሚያፈላው እሱ ነው። ቤት ውስጥ ካሉት ሁሉ፣ የወደቀውን ግድግዳ ታሪኬን ለሰባተኛ ጊዜ ስጀምር «ከዚያስ ጋሼ?» የሚል ሰው እሱ ብቻ ነው።

ለማሰብ ጊዜ ጠየቅሁ። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪያልቅ ድረስ አሰብኩ። ብርጭቆው ትንሽ ነበር።

ለሲሚንቶ ስነግረው ፍራሹን ጠቀለለ። «ለቡድኑ ነው እንግዲህ» አለ። «ጋሼ፣ ስኳሩ የቱ ጣሳ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ?»

«ስኳር እኔ አስተምርሃለሁ እንጂ!» አልኩት።

ፍራሹን በራሱ ተሸክሞ ወደ 26 ጁን ሄደ። ከኋላው ሲታይ የሚራመድ ፍራሽ ይመስል ነበር። በማግስቱ ሻይ አፈላሁ። ጨው ነበር። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ ሰዎች እያዩኝ ነበርና።

የመጀመሪያው አርብ ደረሰ፤ ጨዋታው ከ31 ሜይ ሰፈር ቡድን ጋር። ክሬንን መሐል ሜዳ ላይ አቆምኩት። ሕዝቡ ወንዙን ሞላው፤ በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ሁሉ ፈቃድ ጠይቀው መጥተዋል። ኳሱ ከሰማይ ወደ ክሬን ወረደ። ሜዳው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ክሬንም ቆንጆ አድርጎ፣ በሁለት እጁ፣ ቀለበው።

ፋራህ ፊሽካውን መንፋት ረሳ።

«ስልት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ተጋጣሚን ማደናገሪያ ነው!»

ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ከጨዋታው በኋላ ክሬንን ብቻውን ወሰድኩት።

«ልጄ፣ በእግር መሆኑን ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ እኔ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!»

«አልጠየቁኝማ። ያለፈ ነገር አይጠየቅም ሲሉኝ መናገርም የተከለከለ መሰለኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ደግሞ ፍራሽ ሰጡኝ። ሻይም ሰጡኝ። ሻዩ ትንሽ ጨው ቢኖረውም።»

«በርሚሉስ? በእግርህ ያቆምከው በርሚል?»

«አላቆምኩትም። እግሬ ላይ ወጥቶ ነው የቆመው። አውራ ጣቴ ጥፍሩን ገና አላበቀለም።»

ያ ሩቅ ሩቅ የሚያየው ዓይን፣ ያ የማይናወጥ ፊት፣ ለካ ሕመም ነው! እኔ ግን አሁንም አልተሳሳትኩም፤ እንደዚያ እያመመው ያልጮኸ ሰው ለቡድን ይሆናል። ለማንም እንዳይናገር አስጠነቀቅሁት።

ሁለተኛው ጨዋታ ከጋሽ ልስን ቡድን ጋር ነበር፤ ያኔም አንድ ተአምር ታየ። ጋሽ ልስን ሲሚንቶንና አንድ ሌላ ጉልበተኛ ክሬን ላይ ለጠፈበት። ይህን ያህል የተከፈለበት ሰው ብቻውን አይለቀቅም ብሎ ነዋ! ክሬን ወደ ግራ ሲሄድ ሁለቱ ወደ ግራ፣ ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ ሁለቱ ውሃው ድረስ። እኛ አሥር፣ እነሱ ዘጠኝ ሆነን ተጫወትን። አንድ ለአንድ ወጣን።

ወዲያው ገባኝ። ቤት እንደገባን ክሬንን አሠለጠንኩት። «ኳስ ወደ አንተ ከመጣ ሽሽ። በቀረው ጊዜ ቁምና በጣትህ ሩቅ አመልክት።» ይህን ደግሞ ይችልበታል! ሲያመለክት የተጋጣሚ ተከላካይ በሙሉ ወደ አመለከተበት ይሮጣል። አራተኛውን ቡድን፣ አሸዋ ጫኞቹን፣ በዚህ ስልት አሸነፍናቸው፤ ከ31 ሜይ ጋር አቻ ወጣን። ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እጅ ይነሱኝ ጀመር።

ሲሚንቶ ግን ከእነሱ ጋር በገጠምን ቀን፣ ክሬን ኳስ እንደማይችል በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ነው ያወቀው። አጠገቡ ቆሞ ሲውል እንዴት አያውቅም? ለጋሽ ልስን ትንፍሽ አላለም። የዚያን ቀን ከጨዋታው በኋላ መጥቶ «ጋሼ፣ ሻይ ማን ያፈላልዎታል?» ብቻ አለኝ።

«ራሴ ነኝ! ካንተም ይጥማል» አልኩት።

ክሬን ደህና ልጅ ነበር። ስልኩን ባልዲ ውስጥ መጨረሻ የሚያስገባው፣ መጀመሪያ የሚያወጣውም እሱ ነው። አውጥቶ ያየዋል፤ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። የእሱ ሰዎች ያሉበት አገር ስልክ ይሠራ አይሠራ አላውቅም፤ አይጠየቅም። ያን ጊዜ የማደርገው ሁለተኛ ብርጭቆ ሻይ መስጠት ነበር። ከጨው ጋር።

አምስተኛው ጨዋታ ላይ ከአሸዋ ጫኞቹ ጋር እንደገና ተገናኘን። ለአሸዋ ጫኝ ዝና ምኑም አይደለም፤ ሰነፎች ስለሆኑ ክሬንን የሚጠብቅ ሰው አልመደቡም። ኳሱም እየተንከባለለ መጥቶ እግሩ ሥር ቆመ። በረኛው ወድቋል፤ ጎሉ ባዶ ነው። ክሬን ወደ እኔ አየ። ምን ልበል? በጣቴ ጎሉን አመለከትኩት። ወደ ኋላ ሄዶ ተንደርድሮ መጣና በሙሉ ኃይሉ መታ። ጫማው በአየር ላይ ሄዶ ጎል ገባ። ኳሱ እዚያው ቀረ።

«ወላሂ ጫማ አልቆጥርም!» አለ ፋራህ።

«የክሬኑ ነዳጅ አልቋል!» ብላ አንዲት ሴት ከዳር ጮኸች። ወንዙ በሳቅ ተናጋ። ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን፤ ምስጢራችንም አሸዋው ላይ ተዘረገፈ።

አሁን የቀረን አንድ ጨዋታ ነው፤ ከ26 ጁን ጋር። ካሸነፍን እንተርፋለን። አቻም ቢሆን መጨረሻ ነን፤ ቡድኑ ይፈርሳል። ሐሙስ ከሥራ ስገባ ልጆቹ ገመድ ሲያዘጋጁ አየሁ፤ ፍራሽ ማሰሪያ ነው። ሲያዩኝ ደበቁት። እኔም እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ፤ ከዚያ ወጥቼ የውጩን ግድግዳ በውሃ ልክ ለካሁት። ግድግዳውን ከለካሁት ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ምንም አልሆነም ነበር። ብቻ ውጭ መቆየት ፈለግሁ።

ጨዋታችን የሚያበቃው በሰዓት አይደለም፤ በአዛን ነው። የአርብ ሶላት ጥሪ እንደተሰማ ፋራህ ፊሽካውን ነፍቶ ይሄዳል፤ ባከነ ደቂቃ ብሎ ነገር የለም። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ሆኖ ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። ጋሽ ልስን ክሬንን ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ማንም አልጠበቀውም፤ ሲሚንቶም ጎላቸው አፍ ላይ ቆሞ የመጣውን ሁሉ በግንባሩ ይመልሳል። ፋራህ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ክሬን ዳር ላይ ቆሞ ሩቅ ቦታ ያመለክታል፤ የሚያየው ግን የለም።

ያን ጊዜ ኳሱ በእኔ በኩል ወጣ። ያወጣው ሲሚንቶ ነበርና ላቡን እየጠረገ አጠገቤ ደረሰ። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እጁን አይተው ያመጡትን ሰው ዓመቱን ሙሉ እግሩን ሲቆጡት ከረሙ» አለና ወደ ቦታው ሮጠ።

መጽሐፌ ውስጥ ስለ እጅ ውርወራ የሚናገረው ገጽ ከተገነጠሉት መካከል ነው። ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም።

«ክሬን!» ብዬ ጮህኩ። «ኳሱን አንሳ! በእጅህ! በእጅህ!»

«በእጄ?» አለ፤ ዓመቱን ሙሉ የተቆጣሁትን ነገር ስፈቅድለት ማመን አቅቶት።

«ብሎኬት ነው! ሁለተኛ ፎቅ ነው! ጎሉ አፍ ላይ ሰው ይቀበልሃል!»

ፊቱ በራ። ኳሱን በሁለት እጁ አነሳ፤ ከጭንቅላቱ በላይ ወሰደ፤ ወገቡን አጠፈ። ወረወረው። እንዲህ ያለ ውርወራ ያ ወንዝ አይቶ አያውቅም። ኳሱ በሁላችንም አናት ላይ አልፎ፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ ብሎኬት እጅ ላይ እንደሚቀመጥ ሁሉ ሄዶ ሲሚንቶ ግንባር ላይ አረፈ። ሲሚንቶም መታው። ወደ ራሱ ጎል።

ኳሱ መረብ ስለሌለን አሸዋው ላይ ተንከባሎ ሄደ። ከዚያ አዛን ተሰማ።

«ከእጅ ውርወራ በቀጥታ የገባ ጎል አይደለም!» አለ ጋሽ ልስን እየሮጠ።

«በቀጥታ አልገባም፤ ያንተው ሰው ነክቶታል» አለ ፋራህ። «ጎል ነው። አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ወደ ሶላት ሄጃለሁ።»

ጋሽ ልስን በጥርሱ ክፍተት የሚያፏጨው ድምፅ ጅግጅጋ ያር ድረስ ተሰማ። «አራት ዓመት ያልሳተ ግንባር!» እያለ ሲሚንቶ ላይ ጮኸበት። «ዛሬ እኔ ጋ መጥቶ ሳተ? ፍራሽህን ይዘህ ከቤቴ ውጣ! ዛሬውኑ!»

ልጆቼ ክሬንን ተሸክመው ወሰዱት። እኔ ባልዲውን ይዤ ቀረሁ። እያንዳንዱ እየመጣ ስልኩን አወጣ፤ የዚያን ቀን ግን ወዲያው ከፍቶ ያየ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ቁጭ ብዬ ቱንቢዬን ስጠራርግ፣ ከ26 ጁን በኩል አንድ ፍራሽ ሲራመድ አየሁ። ቀስ እያለ መጣ፣ መጣ፣ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። ከሥሩ የሲሚንቶ ፊት ወጣ።

ተከታትለን ገባን። ቦታው ላይ የተኛው ክሬን ነበር፤ ሲያየው ተነሥቶ የራሱን ፍራሽ ወደ ግድግዳው ገፋ፤ በሁለታችን መካከል ለሲሚንቶ ቦታ ለቀቀለት። አሥራ ሦስት ፍራሽ ሆንን፤ ቀኝና ግራ መገላበጥ የሚቻለው በስምምነት ነው።

ዛሬ ሰዎች ይህን ነገር ሲያነሱ የምመልሰው አጭር ነው። አንድ ሲሚንቶ ሰጠሁ፤ አንድ ሲሚንቶና አንድ ክሬን ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው አስቤበት ነው። የኳስ መንፊያው ብቻ ነው ያልተመለሰው፤ እሱንም እያሰብኩበት ነው።

የዚያን ቀን ግን አላስቻለኝም። ሲሚንቶ ማንቆርቆሪያውን ሲጥድ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

«ሲሚንቶ» አልኩት። «ያ ኳስ... ግንባርህ ላይ ያረፈው... አውቀህ ነው?»

ከሁለቱ ጣሳ አንዱን አነሳ። ከፍቶ አሸተተው፤ አስቀመጠው። ሌላውን አነሳ።

«ጋሼ፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት» አለኝ። «ያለፈ ነገር አይጠየቅም።»

ሻዩን ቀዳልኝ። ስኳር ነበረው።